ትምህርት 14፦ የታየና የተባለ — የሴራፊን ሉዊ የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ትምህርት የሰውን መልክ በጽሑፍ እንዴት እንደምንገልጥ ተመልክተናል። መልክ በዓይን ስለሚታይ ጸሐፊውን ብዙ አያሳስተውም። የሰው ጠባይና የሕይወት ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስለ አንድ ሰው ከምናውቀው ነገር አብዛኛው ራሳችን ያየነው ሳይሆን ከጎረቤት፣ ከዘመድ ወይም ከመጽሐፍ ያገኘነው ነው። ስለዚህ የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው በየዐረፍተ ነገሩ «ይህን ማን አየው? ማንስ ተናገረው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል። አማርኛ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡ የግሥ ቅርጾች አሉት። ቅርጾቹን ከማጥናታችን በፊት ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ ሁለት ጊዜ አንብቡ። በመጀመሪያው ንባብ ታሪኩን ተከታተሉ፤ በሁለተኛው ንባብ ደግሞ «ነበር» የሚለውን ቃል ባገኛችሁበት ሁሉ በእርሳስ አስምሩበት። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንባብ፦ ሴራፊን

ከፓሪስ በስተ ሰሜን ሳንሊስ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። መንገዶቿ ጠባብና በድንጋይ የተነጠፉ ናቸው፤ ከቤቶቿ ጣራ በላይ የካቴድራሏ ረጅም ማማ ከሩቅ ይታያል። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በዚች ከተማ ይኖሩ የነበሩት ኑሮ የተደላደለላቸው ቤተ ሰቦች፣ በሌሎቹ የፈረንሳይ የአውራጃ ከተሞች እንደነበሩት ሁሉ፣ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ነበሩ። ማን ማንን ለእራት እንደሚጠራ፣ የማን ልጅ ለማን እንደምትዳር ያውቁ ነበር። ወለላቸውን የምትወለውል፣ ልብሳቸውን የምታጥብ ሴት ግን ከዚህ ቁጥር ውስጥ አትገባም ነበር።

ሴራፊን ሉዊ በሳንሊስ ቤቶች በሠራተኝነት ማገልገል የጀመረችው በ1901 ነው። የተወለደችው በ1864 በዚያው አካባቢ አርሲ በተባለች መንደር ነበር። (የመንደሯ ስም ከእኛው አርሲ ጋር መመሳሰሉ እንዲያው መገጣጠም ነው። «ሴራፊን» የሚለው የራሷ ስም ግን «ሱራፌል» ከሚለው ጋር በእርግጥ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው።) እናቷ የሞተችው ሕፃኒቱ ገና አንድ ዓመት በሞላት ጊዜ ነበር፤ አባቷም ሰባት ዓመት ሳይሞላት ሞተ። ታላቅ እህቷ አሳደገቻት። በልጅነቷ በግ ጠበቀች። ከዚያም ክሌርሞን በተባለች ከተማ በሚገኝ የደናግል ገዳም በአገልጋይነት ተቀጥራ ሃያ ዓመት ያህል ቆየች። አልመነኰሰችም፤ አላገባችምም።

በዚያ ዘመን አለማግባት በፈረንሳይ አገር ምን ማለት እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1804 የወጣው የናፖሌዎን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት ለባሏ እንድትታዘዝ ያስገድድ ነበር። ለአካለ መጠን የደረሰች ያላገባች ሴት ግን በገንዘቧና በንብረቷ የምታዝበት ራሷ ነበረች። እንግዲህ በሕግ ዓይን ሲታይ ባል የሌላት ከባለ ባሏ የተሻለ ነጻነት ነበራት ማለት ነው። በሰው ዓይን ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ሞልቷት ያላገባች ልጃገረድ በየዓመቱ ኖቬምበር 25 ቀን በሚውለው የቅድስት ካትሪን በዓል የተለየ ባርኔጣ ትደፋና የጨዋታና የሣቅ ርእስ ትሆን ነበር። ካላገባችም ሸምግላ እስክትሞት ድረስ «ማድሞዋዜል» ትባል ነበር፤ ይኸውም ከእኛው «ወይዘሪት» ጋር የሚቀራረብ ነው። ወንዱ ግን አገባም አላገባ «ሙሴ» ይባላል፤ ማንም ስለ ትዳሩ ከስሙ ሊረዳ አይችልም። የፈረንሳይ መንግሥት «ማድሞዋዜል» የሚለው ቃል ከመንግሥት ቅጾች እንዲወጣ ያዘዘው በ2012 ነው።

ማድሞዋዜል ሴራፊን ቀን ቀን በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ማታ ማታ በተከራየቻት ትንሽ ክፍል ተዘግታ በሻማ ብርሃን ሥዕል ትሥል ነበር። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። የምትሥለው ፍራፍሬ፣ ቅጠልና አበባ ነበር፤ ነገር ግን እነዚያ ቅጠሎች በማንም አትክልት ቦታ የሚገኙ አልነበሩም። አንዳንዶቹ የወፍ ላባ፣ አንዳንዶቹ የተገለጠ ዓይን ይመስላሉ። ለበርና ለመስኮት የሚቀባውን ተራ ቀለም ትጠቀም ነበር፤ ከምን ከምን ጋር እንደምትቀላቅለው ግን ምስጢሯን ለማንም አላወጣችም። ከቤተ ክርስቲያን መብራት ዘይት ትቀዳ ነበር ይባላል። እንድትሥል የታዘዘችው ከሰማይ እንደ ሆነ ትናገር ነበር፤ በምትሥልበትም ጊዜ መዝሙር ትዘምር ነበር። የከተማው ሰው እንግዳ ጠባይ ያላት ሴት አድርጎ ይመለከታት ነበር።

በ1912 ቪልሄልም ኡደ የተባለ ጀርመናዊ የሥዕል ሰብሳቢና ሐያሲ በሳንሊስ ቤት ተከራየ። ኡደ ፓሪስ ውስጥ የፒካሶን ሥዕሎች ከማንም ቀድመው ከገዙት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። እርሱ ራሱ እንደ ተረከው፣ አንድ ቀን በጎረቤት ቤት ሳለ አንድ የፖም ሥዕል ተመለከተና እጅግ ተደነቀ። የሣለው ማን እንደ ሆነ በጠየቀ ጊዜ ሴራፊን መሆኗን ነገሩት። ሴራፊን የእርሱን ቤት የምታጸዳው ሠራተኛ ነበረች።

ይሁን እንጂ ብዙ ሳይቆይ የ1914 ጦርነት መጣ። ኡደ ጀርመናዊ በመሆኑ ፈረንሳይን ለቅቆ ሄደ፤ የሰበሰባቸውንም ሥዕሎች የፈረንሳይ መንግሥት ወርሶ በ1921 በጨረታ ሸጣቸው። በሴፕቴምበር 1914 የጀርመን ጦር ሳንሊስ ገብቶ የከተማይቱን ከንቲባ ገደለ፤ ቤቶችንም አቃጠለ። ሴራፊን ከኡደ ጋር እንደገና የተገናኘችው ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ በ1927 ነው። በዚያ ዓመት ኡደ ለሳንሊስ ቅርብ በሆነችው በሻንቲዪ ይኖር ነበርና በሳንሊስ ማዘጋጃ ቤት የተከፈተውን የአካባቢውን ሠዓሊዎች ዐውደ ርእይ ለማየት ሄደ። በዚያም ሥራዋን አገኘ። ሴራፊን በዚያን ጊዜ ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ዓመታት የሕይወቷ ብርሃን ናቸው። ኡደ ሸራና ቀለም እያቀረበ ሥዕሎቿን ይገዛት ጀመር፤ እርሷም እስከ ሁለት ሜትር በሚደርስ ሸራ ላይ ሠራች። «የሕይወት ዛፍ» የተባለው ታላቅ ሥዕሏ የዚህ ጊዜ ፍሬ ነው። ኡደ በፓሪስ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይም ሥራዎቿ ለሕዝብ ታዩ። ነገር ግን በ1929 የጀመረው የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ የሥዕልን ገበያ ጭምር መታው፤ በ1930 ኡደ ሥዕሎቿን መግዛቱን አቆመ። ሴራፊን ይህን ልትረዳው አልቻለችም። አእምሮዋ ታወከ፤ በ1932 በክሌርሞን ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስገቧት። በወጣትነቷ የገዳም ወለል ስትወለውል ወደ ኖረችበት ከተማ ተመለሰች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ አልሣለችም።

ኡደ በ1934 መሞቷን ጻፈ።

ሴራፊን ግን አልሞተችም ነበር። በ1937ና በ1938 ሥዕሎቿ በፓሪስ፣ በዙሪክና በኒው ዮርክ በተካሄደ ዐውደ ርእይ ሲታዩ እርሷ በሕይወት ነበረች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተነሣ በኋላ በፈረንሳይ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሎች ውስጥ ምግብ ጠፍቶ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን በረኀብና በብርድ አለቁ። ሴራፊን ሉዊ የሞተችው በ1942 በዚሁ ዘመን ነው፤ ዕድሜዋ ሰባ ስምንት ነበር። የተቀበረችውም ለብቻዋ መቃብር ሳይቆፈርላት በጅምላ መቃብር ውስጥ ነው።

ዛሬ ሳንሊስ የሚገኘው ሙዚየም ሥዕሎቿን ሰቅሎ ያሳያል። በ2008 በሕይወቷ ላይ የተሠራው «ሴራፊን» የተባለ ፊልም በተከታዩ ዓመት በፈረንሳይ የፊልም ሽልማት ሰባት ሽልማቶችን አግኝቷል።

የቋንቋ ጥናት

«ነበር» በሚለው ቃል ላይ ያሰመራችሁት መስመር ብዙ ነው። ሁሉም ግን አንድ ሥራ አይሠሩም። «በ1934 ሞተች» በሚለውና «በሻማ ብርሃን ትሥል ነበር» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። «ሞተች»፣ «ተከራየ»፣ «አቆመ» የሚሉት ግሦች በኀላፊ ጊዜ አንድ ጊዜ ተፈጽሞ ያለቀን ድርጊት ያመለክታሉ። «ትሥል ነበር»፣ «ትዘምር ነበር» የሚሉት ግን በኀላፊ ጊዜ እየተደጋገመ የተፈጸመን ልማድ ይናገራሉ። ጸሐፊው «ማታ በክፍሏ ሥዕል ሣለች» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ አንባቢው አንድ ሌሊት ብቻ ይታየው ነበር። «ማታ ማታ ትሥል ነበር» በማለቱ ግን ዓመታት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ገብተዋል። በድርሰታችሁ የሰውን ጠባይ ስትገልጹ ይህን ቅርጽ አትርሱ፤ ጠባይ የሚታወቀው በተደጋገመ ሥራ ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። «ከቤተ ክርስቲያን መብራት ዘይት ትቀዳ ነበር ይባላል» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ይባላል» የሚለው ተደራጊ ግሥ ተናጋሪውን ይሠውረዋል። ማን ነው ያለው? አልተነገረንም። ይህ ቅርጽ ሁለት ጠባይ አለው። ጥንቁቅ ጸሐፊ ሲጠቀምበት «ይህን እኔ አላረጋገጥሁም» ማለቱ ነው። ሐሜተኛ ሲጠቀምበት ደግሞ ራሱን መደበቂያ ነው፤ «እብድ ናት ይባላል» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚለው እርሱ ራሱ ነው። ሁለቱን ለመለየት ተደራጊውን ግሥ ወደ አድራጊ ለውጡና ባለቤት ፈልጉለት። «እርሱ ራሱ እንደ ተረከው» በሚለው ሐረግ ውስጥ ባለቤቱ ተገኝቷል፤ የፖሙን ሥዕል ታሪክ የምናውቀው ከኡደ መሆኑን አንባቢ ይረዳል፤ ቢፈልግ ያምነዋል፤ ባይፈልግ ይጠራጠረዋል። «የከተማው ሰው እንግዳ ጠባይ ያላት ሴት አድርጎ ይመለከታት ነበር» በሚለውም እንግዳነቷን የመሰከረው ጸሐፊው ሳይሆን ከተማው ነው። ጸሐፊው «እንግዳ ጠባይ ነበራት» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ የከተማውን ፍርድ የራሱ አድርጎ ፈረመበት ማለት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልትሉት የሚገባው ባለ አራት ቃሉ አንቀጽ ነው። እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

ሴራፊን በ1934 ሞተች።
ሴራፊን በ1934 መሞቷን ኡደ ጻፈ።

የመጀመሪያው ሐሰት ነው። ሁለተኛው ግን እውነት ነው፤ ሴራፊን በ1942 መሞቷ ከታወቀ በኋላ እንኳ አንድ ፊደል ሳይለወጥበት እውነት ሆኖ ይኖራል። ልዩነቱ ያለው ከ«ሞተች» ወደ «መሞቷን» በተደረገችው ትንሽ ለውጥና «ጻፈ» በሚለው ግሥ ላይ ነው። አንድ ግሥ በመጨመሩ ተናጋሪው ታወቀ። «ሞተች» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ ግን አንባቢ የሚጠይቀው ሰው አያገኝም። የሞተን ሰው ደግሞ ማንም አይጠይቅም፤ ስንቅ አይላክለትም፤ ደብዳቤ አይጻፍለትም። አንዲት ሴት በወረቀት ላይ ከሞተች በኋላ ስምንት ዓመት ኖራለች፤ ከእነዚያም የመጨረሻዎቹ የረኀብ ዓመታት ነበሩ።

ስለ ቅጽልና ስለ መጠሪያም ጥቂት እንበል። እንደ ሴራፊን ላለችው ሴት በአማርኛ ከሚሰጡት መጠሪያዎች አንዱ «ቆሞ ቀር» የሚለው ነው። ቃሉን ፈታተን ብንመለከተው «ቆሞ» የሚል ቦዝ አንቀጽና «ቀረ» ከሚለው ግሥ የወጣ «ቀር» አለበት። የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ለሴት ሆኖ ሳለ «ቆሞ» የሚለው በወንድ አንቀጽ መሆኑ ያስገርማል። ሌላም ነገር አለ። ቃሉ፣ ሴቲቱ አንድ ቦታ ቆማ ስትጠብቅ ሌላው ሁሉ ጥሏት እንደ ሄደ ሥዕላዊ በሆነ መንገድ ይነግረናል። ሴራፊን ግን ቆማ አልቀረችም። በየዕለቱ ከንጋት እስከ ማታ ትሠራ ነበር፤ ከማታ ወዲያ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበራት። ከምንባቡ ውስጥ ጸሐፊው ስለ እርሷ «ብቸኛ»፣ «ምስኪን»፣ «እብድ» የሚሉ ቅጽሎችን ተጠቅሞ እንደ ሆነ ፈልጉ። አታገኙም። በቅጽሎቹ ፈንታ ያስቀመጠው ነገር ሻማ፣ ሸራና የበር ቀለም ነው።

መልመጃ

1. ኡደ የፖሙን ሥዕል ከማየቱ በፊት ሠዓሊዋን ያውቃት ነበር ወይስ አያውቃትም ነበር? መልሳችሁን ከምንባቡ ዐረፍተ ነገር ጠቅሳችሁ አስረዱ። (መልሱ «አዎን» ወይም «አይደለም» በሚል አንድ ቃል እንደማያልቅ አስተውሉ።)

2. በ1804 የወጣው ሕግና የቅድስት ካትሪን ቀን ልማድ ያላገባችን ሴት የሚያዩበት ዓይን በምን ይለያያል? ከሦስት ባልበለጡ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።

3. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ሦስት ሦስት ጊዜ እንደገና ጻፉ። በመጀመሪያ ራሳችሁ እንዳያችሁት አድርጉ፤ ቀጥሎ ከታወቀ ሰው እንደ ሰማችሁት አድርጉ፤ በመጨረሻ ተናጋሪው እንዳልታወቀ አድርጉ። ለምሳሌ «ገንዘቧን ሁሉ ትበትናለች» የሚለው «ገንዘቧን ሁሉ ስትበትን አይቻለሁ»፣ «ገንዘቧን ሁሉ እንደምትበትን ወንድሟ ነግሮኛል»፣ «ገንዘቧን ሁሉ ትበትናለች ይባላል» ይሆናል።

ሀ. ሴትዮዋ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አታጠፋም።
ለ. ከማንም ጋር ቡና አትጠጣም።
ሐ. ታናሽ እህቷን ያስተማረቻት እርሷ ናት።

ከሦስቱ ዐረፍተ ነገሮች ያለ ምስክር ብትጽፉት ሰውን የበለጠ የሚጎዳው የትኛው ነው? በክፍል ውስጥ ተወያዩበት።

4. ከምንባቡ አራተኛ አንቀጽ ውስጥ ልማድን የሚያመለክቱትን ግሦች አውጡና ወደ አሁን ጊዜ ለውጧቸው። ሲለወጡ «ነበር» ምን ይሆናል?

5. ድርሰት። በሰፈራችሁ ወይም በቀበሌያችሁ ለብቻው የሚኖር፣ ሰው «አመለኛ» ወይም «ግራ የሆነ» የሚለው አንድ ሰው አስቡ። ሴትም ወንድም ሊሆን ይችላል። ስሙንና ቤቱን አትጥቀሱ። ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ መስመር ባለው ድርሰት ግለጡት። በጠባይ ቅጽሎች ፈንታ በየዕለቱ የሚሠራውን ሥራ፣ በእጁ የሚይዘውን ዕቃና የሚሄድበትን መንገድ ጻፉ። ድርሰታችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ያያችሁትን በሰማያዊ፣ የሰማችሁትን በቀይ ቀለም አስምሩ፤ ቀይ በተሰመረበት ሁሉ ላይ የነገራችሁን ሰው በኅዳጉ አመልክቱ። የነገራችሁ ሰው ካልታወሳችሁ ዐረፍተ ነገሩን ሰርዙት።